አገር ቤት ተጋብቶ ጀርመን ለመኖር፦ ወረቀቱን እንዴት እንደጨረስኩ

ጥር 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተጋባን። ግንቦት 2015 ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ተገናኘን። በመሀሉ አሥራ ስድስት ወር አለ። ከዚያ ውስጥ አራቱ የባከኑት በአንዲት ቀን ምክንያት ነው። የምሬን ነው፣ አንዲት ቀን። የልደት ምስክር ወረቀቴ በእንግሊዝኛው በኩል ሴፕቴምበር 15 ይላል፣ ፓስፖርቴ ደግሞ ሴፕቴምበር 16።

ከመጣሁ ወዲህ ስልኬ አያርፍም። የአክስቴ ልጅ ትደውላለች፣ የጎረቤት ልጅ ትደውላለች፣ የማላውቃት የሰው ወዳጅ ትደውላለች። «ተጋብተናል፣ አሁን ከየት ልጀምር?» ይሉኛል። ለሁሉም የምመልሰውን እዚህ ላስቀምጠው። የሚጠይቁኝ ባብዛኛው ሴቶች ስለሆኑ በ«አንቺ» ነው የምጽፈው። ሚስትህ ጀርመን ያለች ወንድሜ፣ መንገዱ ላንተም ያው ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር ልንገርሽ። ትዳራችሁ እውነተኛ መሆኑን እናንተ ታውቃላችሁ። ፋይሉን የሚያገላብጠው ሰው ግን አያውቃችሁም። ሠርጋችሁ ላይ አልነበረም። እጁ ላይ ያለው ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀቶቹ እርስ በርስ ከተጣሉ የሚጠረጥረው እናንተን ነው። ስለዚህ ትልቁ ሥራሽ ወረቀቶቹን ማስታረቅ ነው።

መጀመሪያ የእሱን ወረቀት እይ

ባለቤትሽ ጀርመን የሚኖረው በምን ወረቀት ነው? ይህን ሳይለዩ ወራት የሚለፉ አሉ።

የጀርመን ዜጋ ከሆነ፣ እንደ እኔ ባለቤት፣ ገቢው ስንት ነው የሚለው ጥያቄ እንደ ደንቡ እንቅፋት አይሆንም። የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ያለው ከሆነ ግን የደሞዝ ወረቀትና የቤት ኪራይ ውል ያቀርባል። እንደ ደንቡ ገቢው ሁለታችሁን ማኖር አለበት፣ ቤቱም መብቃት አለበት። ብሉ ካርድ የሚባለው የባለሙያዎች ፈቃድ ካለው አንቺ የቋንቋ ፈተና አትጠየቂም። በስደተኝነት እውቅና ያገኘ ከሆነ ደግሞ ቀን ቁጠሩ። ውሳኔው ከጸና በ3 ወር ውስጥ ካመለከታችሁ የገቢና የቤት ጥያቄው ይቀርላችኋል። ከዚያ ካለፈ ነገሩ ይከብዳል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። የስዊድን ወይም የጣሊያን ፓስፖርት ይዞ ጀርመን የሚሠራ ሐበሻ ብዙ ነው። ባለቤትሽ እንዲህ ከሆነ የምትገቢው በአውሮፓ ኅብረት የነፃ ዝውውር ሕግ ነው። ለቪዛው አትከፍዪም፣ ጀርመንኛም አትፈተኚም። ይህን የነገራት ሰው አጥታ ሙሉ ኮርስ ከፍላ የጨረሰች እህት አውቃለሁ። ቋንቋው አይጎዳትም፣ ግን ስምንት ወር ከባሏ ተለይታ ጠበቀች።

ጋብቻውን አገር ቤት ማስመዝገብ

አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ሦስት ዓይነት ጋብቻ ያውቃል፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት እና በባህል ሥርዓት። ሦስቱም በሕግ ፊት ጋብቻ ናቸው። ሦስቱም ግን መመዝገብ አለባቸው። በ2004 የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ለዚህ የሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው።

እኛ በተክሊል ነው የተጋባነው። የቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል፣ ዛሬም ሳሎን ግድግዳ ላይ ነው። ለቪዛው የሚሠራው ግን ወረዳ ላይ ተመዝግበሽ የምታገኚው የጋብቻ ምስክር ወረቀት ነው። ባለቤቴ የነበረው የሦስት ሳምንት እረፍት ስለነበር እሑድ አገባን፣ ማክሰኞ ጠዋት ወረዳ ሄድን። «ቆይ ትንሽ እንረፍ» ያልን ቢሆን ኖሮ ሳይመዘገብ ይሄድ ነበር።

በውክልና እንጨርሰዋለን የምትሉ፣ ተው። ሕጉ ሁለታችሁም በአካል እንድትገኙ ይላል። በወኪል መጋባት ለከባድ ምክንያት በልዩ ፈቃድ ብቻ የሚሆን ነገር ነው።

መታወቂያና ፓስፖርት፣ ጉርድ ፎቶ፣ ያላገባሽ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ፣ እና ከየወገናችሁ ሁለት ሁለት ምስክር ያስፈልጋል። ሚዜዎቻችሁ መታወቂያቸውን ቀድመው ይዩት። የእኛ አንዱ ሚዜ መታወቂያው ጊዜው አልፎበት ተገኘ። አጎቴ ከሥራ ተጠርቶ እየሮጠ ደረሰልን።

ለእሱ ያላገባነት ማስረጃ ግን ከአዲስ አበባ አይገኝም። የጀርመን ዜጋ ከሆነ፣ እንዳያገባ የሚከለክለው ነገር እንደሌለ የሚገልጸውን ወረቀት የሚያወጣው ከሚኖርበት ከተማ ሽታንደስአምት ነው። እኛ የክብር መዝገብ ቢሮ የምንለው ማለት ነው። ያ ወረቀት የሚያገለግለው ለ6 ወር ብቻ ነው። ለዚያ ወረቀት ራሱ የአንቺን ሰነዶች ሊጠይቁት ይችላሉ። ስለዚህ የሠርጉ ቀን ከመቆረጡ በፊት ይጠይቅ። አዳራሽ ተከፍሎ፣ ሰው ተጠርቶ፣ ወረቀቱ ያልደረሰላቸው ሙሽሮች አይቻለሁ።

የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ እጅሽ ሲገባ ከመስኮቱ ሳትርቂ አንብቢው። እያንዳንዱን ፊደል። ይህን ደጋግሜ የምለው ያቃጠለኝ ነገር ስለሆነ ነው። ከዚያ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሄዶ የሚረጋገጥ ነገር አለ። አንዴ ከተረጋገጠ በኋላ የተገኘ ስህተት ሁሉንም ከሥር ያስጀምርሻል።

ስም እና ቀን

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

ከስሙ ልጀምር። የባለቤቴ አባት ፀጋዬ ይባላሉ። ባለቤቴ ጀርመን ሲገባ ስማቸው በ«ቲ» እና በ«ኤስ» ተጀምሮ ተጻፈ። የጋብቻ ወረቀታችን ላይ የጻፈልን ሰው «ኤስ»ዋን ትቷት በ«ቲ» ብቻ ጀመረው። በአማርኛ አንድ ስም ነው። በላቲን ፊደል ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የአማርኛ ስም በላቲን የሚጻፍበት አንድ የታወቀ ደንብ ስለሌለ እያንዳንዱ ጸሐፊ በጆሮው ይጽፋል። ስለዚህ ለጸሐፊው በቃል አትንገሪው። የሁለታችሁንም ፓስፖርት ከፊቱ ዘርግተሽ «እባክህ እንደዚህ አድርገህ ገልብጠው» በይው። በትሕትና ከጠየቅሽው የሚከፋ የለም።

ሁለተኛው የአያት ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራሴ፣ የአባቴ፣ የአያቴ ብለን ነው የምንሄደው። ጀርመኖች ግን የመጀመሪያ ስምና የቤተሰብ ስም ብቻ ነው የሚያውቁት። ባለቤቴ ያኔ ሲመዘገብ የአባቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆነ፣ የአያቱ ስም ቀረ። የጀርመን ፓስፖርቱ ላይ ሁለት ስም አለ። የጋብቻ ወረቀቱ ላይ ሦስት። ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ያሳየነው በድሮው የኢትዮጵያ ፓስፖርቱ ቅጂ እና ዜግነት ባገኘበት ወረቀት ነው። የእናንተም እንዲህ ከሆነ እነዚህን ቀድማችሁ አያይዙ። እስክትጠየቁ አትጠብቁ።

«የባልሽን ስም ለምን አልያዝሽም?» ብለው ቢጠይቁሽ አትደንግጪ። ባገራችን ሚስት የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች፣ ይህም ሕጋዊ ነው። በቪዛው ጊዜ ስም ለመቀየር እንዳትሞክሪ። የጋራ የቤተሰብ ስም ከፈለጋችሁ እዚህ ከደረስሽ በኋላ በሽታንደስአምት ማድረግ ይቻላል። እኔ አልቀየርኩም። የመጀመሪያው ወር ሐኪም ቤት ሄጄ በአያቴ ስም ስጠራ እንባዬ መጣ። ስሙ እዚህ ድረስ አብሮኝ መጥቷል።

አሁን ወደ ቀኑ። የተወለድኩት መስከረም 5 ቀን 1988 ነው። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት በኋላ ግን ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው የሚውለው። የ1987 ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች። ስለዚህ መስከረም 5 ቀን 1988 ሴፕቴምበር 16 ቀን 1995 ነው። የልደት ወረቀቴን የጻፈው ሰው እንደ ተራ ዓመት ቆጥሮ 15 አደረገው። እኔም ሳላነብ ተቀበልኩ። ይህ የአንድ ቀን ልዩነት ከመስከረም እስከ የካቲት ይዘልቃል። በእነዚህ ወራት ከተወለድሽ፣ ዓመትሽም ጳጉሜን 6ን የተከተለ ከሆነ፣ ወረቀትሽን ዛሬውኑ አውጥተሽ እይው።

ልዩነቱ የተገኘው ማመልከቻዬ ከገባ በኋላ ነው። ማሳረም፣ እንደገና ማረጋገጥ፣ እንደገና ማስገባት፤ አራት ወር በላ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን አንቺ ከመጀመሪያው አድርጊው። ደብተር ላይ ሠንጠረዥ አስምሪ። በየረድፉ አንድ ሰነድ፤ ፓስፖርትሽ፣ የልደት ወረቀትሽ፣ የጋብቻ ወረቀቱ፣ የእሱ ፓስፖርት። በየዓምዱ ስም በላቲን እንደተጻፈው፣ የልደት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ የትውልድ ቦታ፣ የጋብቻ ቀን። ፊደል በፊደል ገልብጪ። የማይመሳሰለውን በቀይ አክብቢው። ቀይ ካለ ወደ ኤምባሲ አትሂጂ፣ ወረቀቱን ወዳወጣው መሥሪያ ቤት ተመለሺ።

ጀርመንኛው

ከ2007 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ፣ አብዛኛው የትዳር ጓደኛ ከመግባቱ በፊት መነሻ ጀርመንኛ እንደሚችል ማሳየት አለበት። ደረጃው ኤ 1 ይባላል። አዲስ አበባ ላይ ጎተ ኢንስቲትዩት ስድስት ኪሎ አካባቢ ነው፤ ኮርስም ፈተናም ይሰጣል።

ፈተናው አራት ክፍል አለው፤ መስማት፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መናገር። ከ100 ነጥብ 60 ካገኘሽ አለፍሽ። መጻፉ ቀላል ነው፤ አንድ ፎርም ትሞያለሽ፣ ከዚያ ወደ 30 ቃል የምትሆን አጭር መልእክት ትጽፊያለሽ። ብዙዎቻችን የምንደነግጠው መናገሩ ላይ ነው። ከሌሎች ተፈታኞች ጋር ክብ ሠርተሽ ትቀመጫለሽ። መጀመሪያ ራስሽን ታስተዋውቂያለሽ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ አገር፣ የምትኖሪበት፣ ቋንቋ፣ ሥራ፣ ደስ የሚልሽ ነገር። ከዚያ ስምሽን ፊደል በፊደል ጥሪ ይሉሻል። ይህን በቤትሽ ሃምሳ ጊዜ ተለማመጂው። በእንግሊዝኛ «ኢ» የምንለው ፊደል በጀርመንኛ «ኤ» ነው የሚባለው፤ በጀርመንኛ «ኢ» ካልሽ የሚጻፈው ሌላ ፊደል ነው። ቁጥሩም ይገለበጣል። ሃያ አንድን «አንድና ሃያ» ብለው ነው የሚጠሩት፤ ስልክ ቁጥር ስትናገሪ እንዳትሳሳቺ።

እኔ እቃ ሳጥብ በጆሮዬ እየሰማሁ ነው የተማርኩት። ባለቤቴ ሁልጊዜ ማታ ሲደውል የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች በጀርመንኛ ብቻ እናወራ ነበር። «ዛሬ ምን በላህ? ስንት ሰዓት ተነሳህ?» የሚለው ወሬ ፈተናው ላይ በቀጥታ ጠቀመኝ። 78 አገኘሁ።

ምክሬ፦ ኮርሱን ከሠርጉ በፊት ጀምሪ። ሰርተፊኬቱ ግን በጣም ቀድሞም አይውጣ። ስታስገቢው ከአንድ ዓመት የበለጠ እንዳይሆን አስቢ። ባለቤትሽ የጀርመን ዜጋ ከሆነ፣ አንቺም ዓመት ሙሉ ከልብሽ ሞክረሽ ያልተሳካልሽ ከሆነ፣ ወይም ባለሽበት ቦታ መማሪያ ጨርሶ ከሌለ፣ ያለ ፈተናው የሚታይበት መንገድ አለ። ለዚያ የሞከርሽበትን ማስረጃ፣ የከፈልሽበትን ደረሰኝ ሁሉ ያዥ።

ማስገባትና መጠበቅ

ኤምባሲው ቀበና ነው። ቀጠሮ አያያዙና የሚፈለገው ሰነድ ዝርዝር ስለሚለዋወጥ፣ ጓደኛሽ አምና የላከችልሽን ዝርዝር ትተሽ የዚያን ሳምንት የኤምባሲውን ገጽ አንብቢ። ባለቤትሽ የጀርመን ዜጋ ከሆነ ለቪዛው አትከፍዪም፤ ካልሆነ ክፍያው እንደ ደንቡ 75 ዩሮ ነው። ከራስሽ ወረቀቶች ሌላ የእሱን ፓስፖርት ቅጂ፣ የአድራሻ ምዝገባ ወረቀቱን፣ የቋንቋ ሰርተፊኬትሽን ታቀርቢያለሽ። ሁሉንም ቅጂ በሁለት ስብስብ አድርጊው።

ከዚያ ፋይልሽ እሱ ወደሚኖርበት ከተማ የውጭ ዜጎች ቢሮ ይሄዳል። እዚህ ሐበሻው አጠር አድርጎ «አውስሌንደር» ይለዋል። ያ ቢሮ ሳይስማማ ቪዛው አይወጣም። ስለዚህ ፋይሉ መድረሱን መጠየቅ፣ የጎደለ ካለ ቶሎ ማሟላት የባለቤትሽ ሥራ ነው። አንቺ አዲስ አበባ ላይ ብትለፊ እሱ እዚያ ዝም ካለ ነገሩ አይንቀሳቀስም።

ጥርጣሬ ካላቸው ሁለታችሁን በአንድ ቀን፣ አንቺን ኤምባሲ እሱን እዚያ ቢሮ፣ ለየብቻ ይጠይቋችኋል። እኛን ጠይቀውናል። የት ተዋወቃችሁ፣ ሠርጉ ላይ ስንት ሰው ነበር፣ እህት ወንድሞቹ ምን ይሠራሉ፣ ሥራው ስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው። የኤምባሲዋ ጠያቂ የቤት ኪራዩን ስትጠይቀኝ «አላውቅም» አልኩ። እሱም እዚያ «ነግሬያት አላውቅም» ብሏል። ገጠመ። ለፈተና እንደሚያጠኑ አብራችሁ መልስ አታጥኑ። የምታውቂውን ተናገሪ፣ የማታውቂውን አላውቅም በይ። ፎቶ፣ የጉዞ ማህተም፣ ያወራችሁበት የስልክ መዝገብ ካለ ያዥ። አንድ ሺህ ፎቶ አያስፈልግም። ከየጊዜው ጥቂት፣ ቤተሰብም ያለበት ይሁን።

ሌላው ኤምባሲው ሰነዶችሽን የሚያጣራ ጠበቃ ሊልክ መቻሉ ነው። ወደተወለድሽበት ከተማ ይሄዳል፣ መዝገብ ያያል፣ ዘመድ ጎረቤት ይጠይቃል። ለዚህም ትከፍያለሽ፣ ወራትም ይወስዳል። እኔ ለቤተሰቦቼ አልነገርኳቸውም ነበር። ሰውዬው መጥቶ «ልጅዎ መቼ ነው የተወለደችው?» ሲላት እናቴ ደላላ መስሏት ልትመልሰው ምንም አልቀራት። አባቴ ነው ቡና አስፈልቶ ያስቀመጠው። ስለዚህ ቤተሰብሽን አስቀድመሽ ንገሪ። እውነቱን ይናገሩ፣ ሌላ ምንም አይጨምሩ።

ስለ ደላላ ካነሳሁ፣ «ወረቀቱን እኔ አሳምርልሻለሁ» የሚልሽን ሰው ሽሺው። እውነተኛ ትዳር በአንድ ሐሰተኛ ማህተም ሲበላሽ አይቻለሁ፣ ያማል።

ውድቅ ከተደረገ፣ ድሮ ለኤምባሲው የተቃውሞ ደብዳቤ መጻፍ ይቻል ነበር። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ይህ ቀርቷል። አሁን ያለው ወይ በርሊን ላለው የአስተዳደር ፍርድ ቤት በአንድ ወር ውስጥ ክስ ማቅረብ፣ ወይ የጎደለውን አሟልቶ እንደገና ማመልከት ነው። የውድቅ ደብዳቤው እጅሽ በገባበት ቀን ቀኑን ጻፊና ባለቤትሽ የውጭ ዜጎች ሕግ ጠበቃ ያነጋግር።

ከገባሽ በኋላ

ይሄኛው ቀላል ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከባለቤትሽ ጋር አድራሻሽን ታስመዘግቢያለሽ። አከራዩ የፈረመበት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ቪዛሽ ሳያልቅ አውስሌንደር ቢሮ ለመኖሪያ ፈቃዱ ታመለክቻለሽ፣ ካርድ ይሰጥሻል። መሥራት ትችያለሽ። ገቢ ከሌለሽ በሕዝብ የጤና መድን ውስጥ ተጨማሪ ሳትከፍዪ በእሱ ስር ትገቢያለሽ። ቋንቋውንና የአገሩን ነገር የሚያስተምረው፣ የውህደት ኮርስ የሚባለው 700 የትምህርት ሰዓት አለው። ሥራ ብታገኚም አትተዪው፣ ኋላ ትፈልጊዋለሽ።

የጀርመን ሽታንደስአምት ላይ ጋብቻውን እንደገና ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። አገር ቤት በሕግ የተፈጸመ ጋብቻ እዚህም ጋብቻ ነው። ባለቤትሽ ዜጋ ከሆነ ግን ማስመዝገብ ትችላላችሁ፣ እኔም አስመዝግቡ እላለሁ። ከዚያ በኋላ የጀርመን የጋብቻ ወረቀት ይኖራችኋል። ልጅ ሲወለድ፣ ሥራ ሲቀየር፣ የአዲስ አበባውን እያስተረጎማችሁ አትዞሩም።

አንድ ከባድ ነገር አለ፣ ሳልነግርሽ አላልፍም። የመጀመሪያ ፈቃድሽ ከትዳሩ ጋር የተሳሰረ ነው። አብራችሁ ጀርመን 3 ዓመት ከኖራችሁ በኋላ፣ ትዳሩ ቢፈርስ እንኳ በራስሽ የመኖር መብት ይኖርሻል። ከዚያ በፊት ግን ባል ቢመታሽ ወይም ቢያሠቃይሽ «ከወጣሁ ያባርሩኛል» ብለሽ አትታገሺ። ሕጉ እንዲህ ላለ መከራ 3 ዓመቱን እንድትጠብቂ አያስገድድሽም። 116016 ብለሽ ደውዪ፤ ነፃ ነው፣ ቀንም ሌሊትም ይሠራል፣ ስምሽንም አይጠይቁሽም። ፓስፖርትሽና ካርድሽ ባንቺ መሳቢያ ይቀመጡ። ባለቤቴ መልካም ሰው ነው፣ የእኔም ወረቀት በእኔ እጅ ነው።

የጀርመን ዜጋ ያገባች ሴት በ3 ዓመቷ ለቋሚ መኖሪያ ማመልከት ትችላለች። አብራችሁ መኖራችሁ መቀጠል አለበት፣ ቋንቋውም ከኤ 1 ሁለት ደረጃ ከፍ ያለው ቢ 1 መድረስ አለበት። እኔ በዚህ ግንቦት 3 ዓመት ይሞላኛል፣ ፈተናዬ ሚያዝያ ላይ ነው። ያቺን ሠንጠረዥ ያሰመርኩባት ደብተር አሁንም አለች። ሰሞኑን አምስተኛ ረድፍ ጨመርኩባት፤ ሽታንደስአምት የሰጠን የጋብቻ ወረቀት። የእኔ ልደት ሴፕቴምበር 16 ይላል፣ የአማቼ ስም በ«ቲ» እና በ«ኤስ» ይጀምራል።